የንጉሡ ክንድና የሸማኔው እግር

አገሩ የት ነው እንዳትሉኝ። ይህን ጨዋታ በጀመርኩ ቁጥር አንዱ ተነሥቶ «የት አገር ነው?» ይለኛል፤ ሌላው ይከተልና «ንጉሡስ ማን ይባላል?» ይላል። የንጉሡን ስም አላውቀውም፤ ባውቀውም አልናገረውም። ንጉሥ አይከሰስ ሰማይ አይታረስ ሲባል አልሰማችሁም? ደግሞ በጨዋታዬ ውስጥ አንቱታ የለም። ሹሙንም ሸማኔውንም «እሱ» ነው የምለው። የከፋው ካለ ጆሮውን ይድፈን።

በሁለት ተራሮች መካከል የተቀመጠች አንዲት ከተማ ነበረች። ቤቶቿ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው የቆሙ፣ መንገዶቿ ጠባብ ነበሩ። በዚያች ከተማ ርዝመት ሁሉ የሚለካው በንጉሡ ክንድ ነው። ንጉሡ በነገሠ ዕለት ክርኑን አስደግፈው፣ ከክርኑ እስከ መሐል ጣቱ ጫፍ በወይራ ዘንግ ለኩና ዘንጉን ከከተማው በር ላይ ሰቀሉት። ጨርቅ የሚሸጥም፣ ማሳ የሚያካፍልም፣ አጥር የሚያጥርም በዚያ ዘንግ ይዳኛል። መልካም ልማድ ነው፤ ማንም አልተከፋም።

ነገር የመጣው በመጀመሪያው በዓለ ሲመት ነው። አንድ ሹም ከግብሩ መሐል ተነሣና፣ «ዘንድሮ የንጉሣችን ግዛት ሰፍቷል፣ ዝናው ርቋል። ታዲያ ክንዱ ብቻ ባለበት ይቁም?» አለ። ማን ደፍሮ «ይቁም» ይላል? እናንተ ትሉ ነበር? አትሉም፤ አውቃችኋለሁ። ዘንጉ በአንድ ጣት ረዘመ፤ ሹሙም ካባ ተሸለመ። በሁለተኛው ዓመት ሌላው ሹም በካባው ቀንቶ ሁለት ጣት አስጨመረ። በሦስተኛው ዓመትም ሌላ ሁለት ጣት። እንዲህ እያሉ በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የንጉሡ ክንድ የአንድ ሙሉ ሰው ቁመት አከለ። ዘንጉን ቅቤ የሚቀባ፣ ከዝናብ የሚሰውር፣ በየዓመቱ የሚያስቀጥል ሹምም ተሾመለት። ሊቀ ክንድ ይባላል። በዚያ ዘመን ሊቀ ክንድ የነበረው ደርበው የሚባል፣ ሥራውን አክባሪ፣ ደረቅ ሰው ነበር።

እንግዲያ ገበያው እንዴት ዋለ? አትጠይቁኝም እንዴ? ጨርቅ ሻጩ በአፉ «አምስት ክንድ» ይላል፣ በእጁ ግን የራሱን ክርን ዘርግቶ ይለካል። ገዢው ያየዋል፣ ዝም ይላል። ዳኛውም ሚስቱን ልኮ ሲያስገዛ በዚሁ ነው። አገሩ ሁለት ክንድ ነበረው፤ አንዱ ለአፍ፣ አንዱ ለሥራ። ዝም አይነቅዝም እያሉ ሃያ ስድስት ዓመት ኖሩበት፤ ማንንም አልጎዳም ነበርና።

ታዲያ በሃያ ስድስተኛው ዓመት፣ በጋው ጠንከር ሲል፣ ሳል ገባ። ከየት እንደመጣ ያወቀ የለም። አንዱ ሲስል አጠገቡ ያለው ይይዘዋል፤ ትኩሳቱ ያነዳል፣ ደረት ይዘጋል። ጉልበት ያለው ይተርፋል፣ ደካማው ይሄዳል። በመጀመሪያው ወር ከሞቱት አንዷ የሸማኔው የቢተው ሚስት ነበረች። ለቅሶ እንኳ በወጉ አልተቀመጡላትም፤ ቢተውና ልጁ እታፈራሁ ብቻቸውን ቤት ዘግተው አለቀሱ። ሰው ያለ ለቀስተኛ ሲቀበር እኔ እስከ ዛሬ አንጀቴን ይበላኛል።

ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚወጣ የአያቶች ሕግ ነበራቸው፤ በብራና ተጽፎ ሣጥን ውስጥ የተቀመጠ። አወጡት፣ አቧራውን አራገፉት፣ በአደባባይ አነበቡት። «ሳል በገባ ጊዜ ሰውና ሰው አራት ክንድ ይራራቅ። በቤቱም ተዘግቶ አይቀመጥ፤ ወጥቶ ፀሐይ ይሙቅ፣ ዳገት ይውጣ፣ ንጹሕ ነፋስ ይቀበል» ይላል። አያቶቻቸው ሞኞች አልነበሩም። ራቅ በል አሉ፤ ግን ውጣ አሉ። ችግሩ፣ ሕጉ የተጻፈው ክንድ ክንድ በነበረበት ዘመን ነው።

ሊቀ ክንድ ደርበው ዘንጉን ከበሩ አውርዶ ከሁለት ዘበኞች ጋር መንገድ ሊለካ ወጣ። ከሁሉ የሚሰፋው፣ የንጉሡ በቅሎ የሚያልፍበት መንገድ ሦስት ክንድ ሆነ። የሸማኔ ሰፈር መንገድ አንድ ተኩል። እንግዲህ አስቡት! ከደጅህ አንድ እግርህን ብታወጣ ፊት ለፊትህ ካለው ደጅ አራት ክንድ አልራቅህም፤ ሕግ ተላለፍህ ማለት ነው። ሸንጎው ሦስት ቀን መከረ። «ቤት አፍርሰን መንገድ እናስፋ» ያለ ነበር፤ የሚፈርሰው የሹሞቹ ቤት ሆኖ ተገኘና ነገሩ ተተወ። «ክንዱን እንቀንስ» የሚለው ሐሳብ በሁሉም ጭንቅላት ውስጥ ነበር፤ ከማንም አፍ ግን አልወጣም። በመጨረሻ «ሕዝቡ ቤቱ ይግባ» ተባለ። ደጁን አልፎ የወጣ ሰው ደጁ በጭቃ ይመረግበታል ተብሎ ነጋሪት ተጎሰመ። የሕጉን ግማሽ ይዘው ግማሹን ጣሉት።

አየሩስ? ጉድ በሉ፣ አየርም ሹም ተሾመለት! የነፋስ አዛዥ የሚባል። ጎሕ ሲቀድ ሰዎቹን ተራራ ይልካል፤ እነሱም ቅል ከፍተው ነፋስ ያስገቡበታል፣ በጨርቅ ወትፈው ያወርዱታል። በየደጁ ቅሉን ያስቀምጡና ሮጠው ከራቁ በኋላ «ተንፍሱ!» ብለው ይጮኻሉ። ሰዉ በሩን ገርበብ አድርጎ ቅሉን ያስገባና ውታፉን ነቅሎ አፍንጫውን ይደቅናል። ቅል ቅል ነው የሚሸተው፣ ሌላ ምን ይሸታል! ግን ሁለት ክንድ የለመደ አገር ነው፤ «ተመስገን፣ የተራራ አየር» ብሎ ባዶውን ቅል ይመልሳል።

አሁን ወደ ቢተው ልምጣ። ቢተው ስልሳ ዓመት ሸማ የሠራ ሰው ነው። ሸማኔ ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ሰድዶ ነው የሚውለው። ጉልበቱን ያቆየለት በየጠዋቱ ከሰፈሩ በላይ ያለችውን ዳገት፣ አናቷ ላይ እስካለው ዋርካ ድረስ፣ ወጥቶ መመለሱ ነበር። ዳገቷ ስትከለከል፣ ሐዘኑም ተጨምሮበት፣ ጉልበቱ አልታጠፍም አለ። መጀመሪያ ግድግዳ ይዞ ሄደ፤ ቀጥሎ ልጁን ይዞ፤ በኋላ ጭራሹን ከመደቡ አልነሣ አለ።

ፊት ለፊታቸው ወጌሻዋ ሙላቷ ትኖራለች። የብዙ ሰው አጥንት የጠገነች፣ ምላሷ ከእጇ የሚፈጥን ሴት ናት። በመስኮቷ ብቅ ብላ እታፈራሁን፣ «እስቲ ጉልበቱን እጠፊው። ቀስ! አሁን ዘርጊው» እያለች አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«ልጄ፣ አልሸነግልሽም» አለች። «ይሄ እግር አልተሰበረም፤ ማሸትም አይረዳው። መሄድ ነው ያጣው። ክረምት ሳይገባ ዳገት ካልወጣ፣ ከጭቃው በኋላ አይነሣም። ያን ጊዜ መጥተሽ እትዬ ሙላቷ ብትይኝ ምንም አላደርግልሽም።»

«እትዬ፣ ለክረምት እኮ ሦስት ሳምንት ነው የቀረው!»

«ታዲያ እኔ ነኝ የማመጣው?»

እታፈራሁ እናቷን ከቀበረች ሁለት ወር አልሞላትም። አሁን ደግሞ አባቷ ቁጭ እንዳለ ሊቀርባት ነው። አለቀሰች፤ ከዚያ ፊቷን ታጠበችና ለአቤቱታ ቀን ተመዘገበች።

በአቤቱታ ቀን ለተመዘገበ ባለጉዳይ ከደጁ መውጣት ይፈቀድለታል፤ ቀንደ መለከት እየተነፋ አንድ አንድ ሰው ብቻ ወደ ሊቀ ክንዱ አዳራሽ ይገባል። ሊቀ ክንድ ደርበው ዘንጉን ጭኑ ላይ አጋድሞ በአዳራሹ ጫፍ ተቀምጧል፤ ባለጉዳይ በሌላው ጫፍ ቆሞ እየጮኸ ይናገራል።

«ጌታዬ! አባቴ እግሩ እየደረቀ ነው!»

«እግዜር ይማረው!»

«እግዜርማ ይማረው፤ እርስዎ ደግሞ ይፍቀዱልኝ! ጠዋት ጠዋት ዳገቷን ይዤው ልውጣ!»

ደርበው ጉሮሮውን ጠረገ። «ስሚኝ ልጄ፣ ውጪ የለም አላልንም። ውጪማ አለ። ግን አይበቃም!»

«ውጪ አይበቃም?»

«መንገዱ ቢሰፋ ሦስት ክንድ ነው። ሕጉ አራት ይላል። አንዷን ክንድ ከየት ላምጣልሽ?»

«ክንዱ ነዋ የረዘመው!» አለች እታፈራሁ።

ዘበኞቹ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አፍ ሲያመልጥ አይታወቅም፤ እሷም ከተናገረች በኋላ ነው የደነገጠችው።

«የንጉሡን ክንድ ልቁረጥ ነው የምትይኝ?» አለ ደርበው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ልጅ ነሽና አልሰማሁም። ቅል ይደርሳችሁ የለም? ከቅሉ ይተንፍስ።»

«ጌታዬ፣ የታመመው እግሩ ነው! በቅል ላይ ይሂድ?» አለችና እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። «ፈቃድ ካልሰጡኝ አልነሣም።»

«አስወጧት!»

ሁለቱ ዘበኞች ጦራቸውን ይዘው ተንደረደሩ። አራት ክንድ ሲቀራቸው ግን ቀጥ ብለው ቆሙ።

«እኅቴ፣ ውጪ እንጂ» አለ አንደኛው።

«አልወጣም።»

«በእናትሽ ሞት!»

«እናቴ ሞታለች።»

ዘበኛው አፈረ። ደርበው ግን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «ምን ትቆማላችሁ? ያዟት!» አለ።

«ጌታዬ፣ አራት ክንድ ላይ ደርሰናል» አለ ሁለተኛው።

«ተጠጉና ያዟት!»

«ሕጉስ?»

ደርበው ዘበኞቹን አየ፣ ጭኑ ላይ የነበረውን ዘንግ አየ፣ እታፈራሁን አየ። እታፈራሁም ተቀምጣ አየቻቸው፤ ነገሩ ያን ጊዜ ገባት። እነዚህ ሰዎች ሊነኳት አይችሉም። ሕጉን ያስረዘሙት ራሳቸው ናቸው፤ ርዝመቱም መልሶ እጃቸውን አስሯቸዋል። ቀሚሷን አራገፈችና በራሷ ጊዜ ተነሥታ ወጣች።

ቤቷ ስትደርስ ግን ያስቸገራት አባቷ ነው።

«እናትሽን የወሰደው ሳል ውጪ ነው ያለው» አለ ቢተው። «አንቺን ደግሞ ላስወስድ?»

«ሳሉ ያለው ሰው ላይ ነው አባዬ፤ ነፋስ ላይ አይደለም። ከሰው አራት ክንድ እንራቅ። ሕጉ ያለው ይህንኑ ነው።»

«በማን ክንድ?»

«አንተ ጨርቅ ስትሸጥ በማን ክንድ ትለካ ነበር?»

ቢተው ሃያ ስድስት ዓመት ሲያደርገው የኖረውን ነገር አንድም ቀን ተናግሮት አያውቅም። ከመደቡ ላይ የራሱን ክንድ ቀና አድርጎ አየው፤ ቀጭን፣ ሥሩ የተገተረ፣ የሠራተኛ ክንድ ነው።

«በራሴ» አለ ቀስ ብሎ። «በራሴ ክንድ ነበር።»

በማግስቱ ረፋድ ላይ ወጡ። ኩታውን አልብሳ፣ አንድ እጁን በትከሻዋ ላይ አሳልፋ፣ ደጁን ተሻገሩ። ፀሐይዋ ፊቱ ላይ ስታርፍ ቢተው ቆመና ዐይኑን ጨፈነ። ደስ አለው፤ ያለ እፍረት ጥርሱን አሳየ። ሁለት ዘበኞች ከሩቅ እየተከተሉ፣ «ጋሼ፣ እባክዎ ይመለሱ፣ በእኛ ላይ ነው የሚብሰው» እያሉ ይለምናሉ። ቢተው ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ የመንገዱ ጥግ ጋ ሲደርስ ጉልበቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። «ለዛሬ ይበቃኛል፤ መልሺኝ» አላት።

ሲመለሱ ደጁ የለም! ሌሎች ዘበኞች በጓሮ ዞረው፣ አባትና ልጅ ጥጉ ጋ ሳሉ፣ በሩን ከላይ እስከ ታች በጭቃ መርገውታል። ጭቃው ገና እርጥብ ነው። ቢተው አየውና እግሩ ከዳው፤ ከደጁ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ። እታፈራሁ በጥፍሯ ጭቃውን መቧጨር ጀመረች። እየቧጨረች ታለቅሳለች፣ እያለቀሰች ትሳደባለች። ስድቡን አልደግመውም።

ሰፈሩ በየመስኮቱ ያያል። እኔ እንዲህ ያለውን ማየት አልወድም፤ ሰው ወድቆ፣ ሰው በመስኮት ሲያይ። ሙላቷም አልወደደችም። በሯን በርግዳ ወጣች።

«እኔ ወጌሻ ነኝ!» አለች። «ወጌሻ በሰው ጉልበት ላይ እጇን ታሳርፋለች እንጂ በመስኮት አታይም!»

«እንዳይጠጉ እትዬ!» ብላ እታፈራሁ ጮኸች። «እናቴን እኮ የጨረሳት መጠጋጋቱ ነው! አራት ክንድ!»

ሙላቷ ቆመች። «አራት ክንድ በማን?»

ቢተው ከተቀመጠበት ቀና አለ። ኩታውን ከትከሻው ሳብ አደረገና በክርኑ ይለካው ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። እጁ ስልሳ ዓመት የለመደው ሥራ ነው። አንዱን ጫፍ በጡጫው ጠቅልሎ ሌላውን ወደ ሙላቷ ወረወረላት።

«በእኔ» አላት። «ጫፉን ያዢና ወጥሪው። ከላላ ቀርበሻል፤ እንደተወጠረ ከቆየ ደኅና ነን።»

ሙላቷ ጫፉን ይዛ ወጠረችው። አጥንት የሚያቀና እጅ ነው፤ እግሯን ተክላ ቀስ እያለች ሳበች። ቢተውም በኩታው ተስቦ፣ በሌላው እጁ መሬቱን ገፍቶ፣ ቀጥ ብሎ ተነሣ። ማንም አልነካውም።

አንድ በር ተከፈተ። ቀጥሎ ሌላ። የሸማኔ ሰፈር ነው፤ ጨርቅ የሌለበት ቤት የለም። እያንዳንዱ በቤቱ ረጅም ክንድ ባለው ሰው እያስለካ አራት አራት ክንድ ይዞ ወጣ። በተራ በተራ አንዱ ወደ በሩ ቀርቦ አንድ እፍኝ ጭቃ ይፍቅና ይመለሳል፣ ጨርቁን የወጠረለት ሌላው ይተካል። በሩ ተከፈተ። እታፈራሁ «በል አባዬ ግባ፣ ደክሞሃል» ብትለው፣ ቢተው ራሱን ነቀነቀ።

«ሰው ሁሉ ወጥቶልኝ ልግባ? እስከ ጥጉ ልድገመው» አለ።

ከዚያ ቀን በኋላ የሸማኔ ሰፈር በየጠዋቱ ዳገት መውጣት ጀመረ። የአንድ ቤት ሰዎች አብረው ይሄዳሉ፤ ከኋላቸው አራት ክንድ ጨርቅ ይለቃሉ፤ የሚቀጥለው ቤት ጫፉን ይዞ ይከተላል። በምሥራቁ መንገድ ይወጣሉ፣ በምዕራቡ ይወርዳሉ፤ ስለዚህ ፊት ለፊት የሚገናኝ የለም። ያሳለው ሰው ቤቱ ይቀራል፤ ምግቡን ደጁ ላይ አድርሰውለት ይርቃሉ። ሲመለሱ ጨርቁን በእንዶድ ያጥቡታል። ማንም ሹም አላዘዘም። ሳሉም በዚያ ሰፈር ቀነሰ። ሽማግሌዎቹ ዳገቱ ሲያቅታቸው ፊታቸው ያለው ሰው ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ ይስብላቸው ነበር። ቢተው በመጀመሪያው ሳምንት ዳገቷ ወገብ ላይ እስካለው ምንጭ ደረሰ፤ በሁለተኛው ከምንጩ በላይ እስካሉት ድንጋዮች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ይሄን ነው።

ዘበኞችስ ዝም አሉ? አላሉም። ሊቀ ክንድ ደርበው መላ አገኘሁ ብሎ ጫፉ ላይ ሜንጦ ያለው፣ አራት የንጉሥ ክንድ የሚረዝም የቀርከሃ ዘንግ አሠራ። ከሩቅ ሆኖ ሰው መያዣ መሆኑ ነው። አሥር ዘበኞች አሥር ዘንግ ተሸክመው መጡ። የሸማኔ ሰፈር ጥግ ላይ ሲደርሱ መታጠፍ አቃታቸው።

«ወደ ኋላ ሳቡት!» ይላል አለቃቸው።

«ኋላም ግድግዳ ነው ጌታዬ!»

«ወደ ላይ አቁሙት!»

«ጣራ ያዘው ጌታዬ!»

አሥሩ ዘንግ ከዚህ ግድግዳ እዚያ ግድግዳ ተወትፎ ግማሽ ቀን ዋለ። ሰዉ ጎንበስ እያለ በሥሩ አልፎ ዳገቱን ወጣ። ሙላቷማ የታጠበ ጨርቋን አሰጣችበት። ዘበኞቹ ራሳቸው ሳቁ፤ ከሳቁ በኋላ ደግሞ ሰውን መከተል ትተው በየጥጉ ፀሐይ ይሞቁ ጀመር። የቆዳ ፋቂዎቹ ሰፈር ይህን ሲሰማ ጠፍር ይዞ ወጣ፤ የሸክላ ሠሪዎቹም ገመድ ይዘው ወጡ። በዚያው ሰሞን በዓለ ሲመቱ ደረሰና የንጉሡ ክንድ እንደ ልማዱ ሁለት ጣት ረዘመ። ሰዉም እንደ ልማዱ በየመስኮቱ አጨበጨበ፤ በማግስቱ ግን ዳገቱን ወጣ።

ክረምቱ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰማዩ ጠቁሮ፣ ቢተው «ዛሬ ዋርካው ጋ ካልደረስኩ አልገባም» ብሎ ማለ። እሱና እታፈራሁ የሰልፉ መጨረሻ ነበሩ። ከኋላቸው የለቀቁትን ጨርቅ የያዘ የለም፤ መሬት ለመሬት ይሳባል። ዳገቷ ሥር ሲደርሱ አንድ ሰው ድንጋይ ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኙ። ዘበኛ የለውም፣ ዘንግም አልያዘም። ሊቀ ክንድ ደርበው ነው። አዳራሽ ውስጥ ተቀምጦ ከቅል ሲተነፍስ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ልቆጣጠር ነው የመጣሁት» አለ ሳይጠየቅ።

«ይቆጣጠሩ» አለችው እታፈራሁ።

ተነሣ። አራት እርምጃ ያህል ወጣና ጉልበቱ ተብረከረከ፤ ተመልሶ ድንጋዩ ላይ ዘፍ አለ። ሊደግፈው የሚጠጋ የለም። ራሱ ባወጣው ልኬት ማንስ ይጠጋዋል?

ቢተው ቆሞ አየው። ተናደደ። ለምን አይናደድ? በሩን በጭቃ ያስመረገው ይሄ ሰው ነው። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ያችን ቤት እንደ መቃብር ያደረገበት ይሄ ሰው ነው። እታፈራሁ «እንሂድ አባዬ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው» ብላ እጁን ሳበችው። ሁለት እርምጃ ሄደ። ከዚያ ቆመና፣ «ጉልበት አልታጠፍ ሲል እንዴት እንደሚያስፈራ አውቀዋለሁ» አላት። ዞሮ የጨርቁን ጫፍ ሰበሰበና ወደ ደርበው ወረወረው።

«ይያዙት» አለው።

ጫፉ ደርበው እግር ሥር ወደቀ። ደርበው ጨርቁን አየው። ሊቀ ክንድ ነው፤ ልኬት በዐይኑ ያውቃል። ይህ የሸማኔ ክንድ እንደሆነ ለማወቅ ዘንግ አያስፈልገውም። ጨርቁን ከያዘ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ቅቤ ሲቀባው የኖረው ዘንግ ውሸት ነው ማለቱ ነው። ካልያዘው ደግሞ ክረምቱ እዚያው ድንጋይ ላይ ያገኘዋል። ከፊት ያሉት ሰዎች ዳገቱ ላይ ቆመው ወደ ታች ያያሉ።

«ይሄ...» አለ ደርበው። «ይሄ ስንት ክንድ ነው?»

«አራት ነው ጌታዬ» አለ ቢተው።

ነጎድጓዱ ከተራራው ወዲያ አጉረመረመ። ደርበው ጎንበስ ብሎ ጫፉን አነሣ፣ እጁ ላይ ሁለት ጊዜ ጠቀለለው፣ እስኪወጠር ድረስ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አዎ» አለ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብሎ። «አራት ክንድ ነው።»

ቢተው ጨርቁን ጠበቅ አድርጎ ይዞ ሽቅብ ሳበው። ዝናቡ የያዛቸው ዋርካው ሥር ደርሰው ነው፤ ሸማኔውም ያንን ሁሉ ጭቃ የማንንም ትከሻ ሳይዝ በገዛ እግሩ ወረደ።

የኔ ነገር እዚህ ላይ አለቀ። በሉ ውጡና ነፋስ ተቀበሉ፤ በሩ ላይ ግን አትጋፉ።